«ኮሌስትሮልዎ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ

ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀት ፊታችሁ ላስቀምጥ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ይሁንና በማንኛውም ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ላቦራቶሪ መስኮት ሊወጡ የሚችሉ ናቸው። ወረቀቶቹ 50 ዓመት የተሻገሩ የሁለት እናቶች ናቸው። «ጠቅላላ ኮሌስትሮል» የሚለው መስመር በሁለቱም ላይ 185 ይላል፤ ከ200 በታች ነውና አጠገቡ ምንም ምልክት የለም። አንደኛዋ ስኳር የለባትም። ሁለተኛዋ የስኳር ክትትል ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም «እማማ፣ ኮሌስትሮልዎ ደህና ነው» ተብለው ቢሸኙ አይገርምም። ደህና የሆነችው ግን አንዷ ብቻ ናት፤ ማስረጃውም እዚያው ወረቀት ላይ፣ ታች ካሉት መስመሮች ውስጥ ነው።

ወረድ ብለን እናንብብ። የመጀመሪያዋ ኤችዲኤል 58፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 85፣ ኤልዲኤል 110 ነው። የሁለተኛዋ ደግሞ ኤችዲኤል 33፣ ትራይግሊሰራይድ 260፣ ኤልዲኤል 100። አያችሁልኝ? «መጥፎው» የሚባለው ኤልዲኤል ስኳር ባለባት እናት እንዲያውም ዝቅ ብሏል! በጥድፊያ ያየው ሰው ሁለተኛዋ ትሻላለች ሊል ይችላል። አሁን እርሳስ አንሡና አንድ ቅነሳ ብቻ ሥሩ፤ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። ለመጀመሪያዋ 127 ይቀራል፣ ለሁለተኛዋ 152። ይህ ቀሪ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብተው ሊጠራቀሙ በሚችሉት ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣቶች ሁሉ ላይ የተጫነው ኮሌስትሮል ነው። ሐኪሞች ኖን-ኤችዲኤል ይሉታል። ሌላ የደም ናሙና፣ ሌላ ክፍያ አይጠይቅም፤ ከእጃችሁ ካለው ወረቀት ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው። ለብዙ ሰው ከ130 በታች፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛዋ እናት ከዚህ በ52 ርቃለች፤ ወረቀቷ ግን ከላይ ሲታይ ንጹህ ነው።

ኤልዲኤሉ እንዴት 100 እንደሆነ ማየትም ደስ ይላል። በብዙ ቦታ ኤልዲኤል የሚሰላ እንጂ የሚለካ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ስሌት ይህ ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንስ፣ ደግሞም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንስ። 185 ሲቀነስ 33፣ ሲቀነስ 52፣ እነሆ 100። ልብ በሉ፣ ትራይግሊሰራይድ በጨመረ ቁጥር ከስሌቱ የሚወጣው ኤልዲኤል ያንሳል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ስሌቱ ጭራሽ አይሠራም። ትራይግሊሰራይድ ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ደግሞ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱ የሚያስተማምነው ጤነኛ በሆነው ሰው ላይ ነው፤ ይበልጥ በምንፈልገው ሰው ላይ ይዳከማል።

ለመሆኑ ስኳር ይህን ሁሉ የሚያደርገው እንዴት ነው? ኮሌስትሮል ቅባት ነክ ስለሆነ በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም፤ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ኤልዲኤልና ኤችዲኤል የተሸካሚዎቹ ስም ነው። በገበያ ቀን ከጎዛምንና ከሲናን ቀበሌዎች ጤፍ ጭነው ወደ ከተማ የሚገቡትን አህዮች አስቡ። ላቦራቶሪው የሚመዝነው ጤፉን ነው፤ አህዮቹን አይቆጥርም። መንገዱን የሚያጨናንቁት ግን አህዮቹ ናቸው። እያንዳንዱ አህያ ግማሽ ጭነት ብቻ ቢይዝ፣ ለዚያው ጤፍ እጥፍ አህያ ይወጣል። ስኳር ባለበት ሰው ደም ውስጥ የኤልዲኤል ቅንጣቶች እንዲህ ነው የሚሆኑት፤ እያነሱና እየጠበቡ በቁጥር ይበዛሉ። ሚዛኑ ያው 100 ይላል። በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ አፖቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን አለ፤ እሱን መለካት ቅንጣቶቹን እንደመቁጠር ነው። ያ ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ቅድም የቀነስነው ቁጥር ጥሩ ምትክ ይሆናል።

የነገሩ መነሻ ጉበት ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል በስብ ማከማቻዎች ያለው ስብ ያለ ቅጥ ወደ ደም ይለቀቃል። ጉበትም የመጣለትን ስብ ትራይግሊሰራይድ አድርጎ በትልልቅ ቅንጣቶች እየጫነ መልሶ ወደ ደም ይልከዋል። እነዚህ ቅንጣቶች በመንገድ ላይ ከኤችዲኤልና ከኤልዲኤል ጋር ጭነት ይለዋወጣሉ፤ ትራይግሊሰራይድ ሰጥተው ኮሌስትሮል ይወስዳሉ። ኤችዲኤሉ በዚህ ልውውጥ ተዳክሞ ቶሎ ከደም ይወገዳል፤ ኤልዲኤሉም ይኮሰምናል። ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ፣ ኤልዲኤል ጥቃቅን፤ ሦስቱ ነጠላ ጉድለቶች ሳይሆኑ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

እስካሁን ያልኩት ለወንድም ለሴትም ይሠራል። ሴቶችን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት አሁን ይመጣል። ሴት ልጅ የወር አበባ በምታይበት ዘመን ኤስትሮጅን ኤችዲኤልን ከፍ፣ ኤልዲኤልን ዝቅ አድርጎ ይይዝላታል። ለዚህም ነው የኤችዲኤል ዝቅተኛ ወሰን ለወንድ 40 ሆኖ ለሴት 50 የሆነው። ይህ ጥላ በማረጫ ጊዜ ይነሣል። በአሜሪካ ስዋን የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ዓመት ከዓመት ሲከታተል፣ የመጨረሻው የወር አበባ በሚታይበት ወቅት አካባቢ ኤልዲኤል በአጭር ጊዜ ውስጥ ጉልህ ጭማሪ እንደሚያሳይ አገኘ፤ የዘር ልዩነትም ሳይገድበው። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የታተመው። በ45 ዓመቷ «ደህና ነሽ» የተባለች ሴት በ53 ዓመቷ ያንኑ ወረቀት ይዛ ልትጽናና አትችልም።

ስኳር ደግሞ ማረጥን አይጠብቅም፤ ጥላውን ቀድሞ ያነሣዋል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለችው የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልባቸው ሲጠና፣ ስኳር ያለባቸው ሴቶች ከወንዶች የተሻለ የነበረውን ዕድላቸውን እንደሚያጡ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳኔ ፒተርስና ባልደረቦቿ 64 ጥናቶችን አሰባስበው የ858,507 ሰዎችን መረጃ መረመሩ። ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሌለባቸው ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ የልብ ደም ሥር ሕመም ሥጋታቸው 2.2 እጥፍ ገደማ ነው። ሴቶቹ ስኳር ከሌለባቸው ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ 2.8 እጥፍ። ይህን ቁጥር ሳስብ የሚያሳስበኝ፣ በየቀጠሮው ስኳሯ ብቻ ተለክቶ የምትሸኘው እናት ነገር ነው። «ስኳርሽ ስንት ገባ?» ብለን እንጠይቃታለን። ስለ ትራይግሊሰራይዷ የሚጠይቃት ጎረቤት የለም።

በአገራችንስ? የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ባደረገው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 190 እና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶው 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ ብናቆም «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» ማለታችን አይቀርም ነበር። ያው ጥናት ግን ኤችዲኤላቸው ከወሰኑ በታች የሆነ ሰዎች ከግማሽ እጅግ እንደሚበልጡ አሳየ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን፤ ኤችዲኤልን በመድኃኒት ከፍ ለማድረግ የተሞከሩት ሙከራዎች ልብን አላዳኑም፤ ዝቅ ማለቱ ምልክት እንጂ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ሆኖም ጠቅላላው ቁጥር ለእኛ አገር ሰው ጥሩ መስተዋት አለመሆኑን ለማሳየት ይህ በቂ ነው። ምርመራ ስታደርጉ አራቱንም መስመር ጠይቁ። በዓመት ሦስት ጊዜ ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ብቻ ከመለካት በዓመት አንዴ ሙሉውን መለካት ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ፤ በየትኛው መጽሐፍ ብትፈልጉ ለጎጃም እናት ተብሎ አልተጻፈላችሁም። ደሟ የተቀዳው በየትኛው ወር ነው?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናንን በቀርጤስ ደሴት ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ፣ ጿሚዎቹ ከጾሙ በፊትና በጾሙ መጨረሻ ሲለኩ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በ12 በመቶ፣ ኤልዲኤላቸው ደግሞ በ16 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው። መጋቢት ላይ የተቀዳ ደምና ግንቦት ላይ የተቀዳ ደም የአንዲት ሴት ሆነው ሳለ የሁለት ሰው ሊመስሉ ይችላሉ። ኤልዲኤሏ 120 የነበረ እናት በጾሙ ብቻ ወደ 101 ብትወርድ፣ የካቲት ላይ የጀመረችው ኪኒን ሠራ ብላ ልትደሰት ትችላለች። በግንቦት ስትመለስ ደግሞ «መድኃኒቱ ከዳኝ» ብላ ልትጥለው ትችላለች። ሁለቱም ስሕተት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር የምታነጻጽሩ ከሆነ በተመሳሳይ ወቅት ተለኩ፤ ካልተቻለም በክትትል ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «በጾም» ወይም «በፍስክ» ብላችሁ ጻፉ። የሚያየው ሐኪም ያመሰግናችኋል።

ጾሙ ራሱ በምን ዘይት እንደሚጾም ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የኑግ ዘይት ከሦስት ሁለት እጁ በላይ ሊኖሌይክ የተባለው ያልረጋ ቅባት ነው፤ ኤልዲኤልን ዝቅ ከሚያደርጉት ወገን። የፓልም ዘይት ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚረጋ ቅባት ነው። ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» ማለቱ ትክክል ነው፤ በደብረ ማርቆስ የክረምት ጠዋት ጀሪካኑን ብታዩት ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም፤ ማንኛውም የአትክልት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጉዳዩ ግን እሱ አይደለም። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እየጎተተ የሚያስገባባቸው መቀበያዎች አሉት። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እነዚህን አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የሚረጋ ቅባት ሲበዛ የእነዚህ መቀበያዎች ሥራ ይቀንሳል፤ ኤልዲኤል በደም ውስጥ ይቆያል። ለበዓል ዶሮ የሚገባው ቅቤም ከግማሽ በላዩ የሚረጋ ቅባት ነው። ቅቤን ከጎጃም ቤት ላስወጣ አልመጣሁም፤ የበዓል ቀን ቅቤና የዘወትር ወጥ ላይ የሚፈስ የሚረጋ ዘይት ግን እኩል አይመዘኑም፤ ሁለተኛው በየቀኑ ነው። ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ በጾም ወቅት ሌላ ነገር መጠበቅ አለባት፤ እንጀራው፣ ዳቦውና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲበረክት ኤልዲኤል ቢወርድም ትራይግሊሰራይድ ሊወጣ ይችላል። አረቄና ጠላም ትራይግሊሰራይድን ያነሣሉ።

ስለ ሌላኛው ጾም፣ ማለትም «ምግብ ሳይበሉ ይምጡ» ስለሚባለው ደግሞ በአጽንዖት ልናገር። ከቢቡኝ ወይም ከሲናን ሌሊት ተነሥታ፣ ኢንሱሊኗን ተወግታ፣ ሳትበላ መኪና ላይ የምትወጣ ሴት አለች። ወረፋው እስኪደርሳት አራት ሰዓት ይሆናል። ስኳሯ መንገድ ላይ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፤ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ለኮሌስትሮል ምርመራ ሲባል ይህን መክፈል ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዴንማርክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምራ በልቶ የመጣን ሰው ደም ትለካለች፤ የአውሮፓ ባለሙያዎች ማኅበራትም እ.ኤ.አ. በ2016 በጋራ መግለጫቸው ለአብዛኛው ሰው ባዶ ሆድ አያስፈልግም ብለዋል። ምግብ የሚያነሣው በተለይ ትራይግሊሰራይድን ነው፤ እሱም ጥቂት ነው። ከ400 በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ሳትበላ ይደገማል። ቅድም የቀነስነው ኖን-ኤችዲኤል ደግሞ ምግብ እምብዛም አያናውጠውም። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ በልቼ ብመጣ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያንኑ ጠዋት የጾም ስኳርም የሚለካ ከሆነ ኢንሱሊኑ መቼ እንደሚወጋ አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ።

በየስንት ጊዜውስ? ስኳር የሌለባት፣ ግፊት የሌለባት፣ የማታጨስ ወጣት ሴት በየ5 ዓመቱ ገደማ ይበቃታል። በማረጫዋ አካባቢ ግን አንድ አዲስ መለኪያ ያስፈልጋታል፤ በእርግዝና ስኳር ታይቶባት የነበረች ደግሞ ቀደም ትበል። ስኳር ያለባት ሴት በሽታው በታወቀ ዕለት፣ ከዚያም በዓመት አንዴ። ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ከጀመረች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት። ከዚህ በላይ ማብዛት ጥቅሙ አይታየኝም። የአንድ ሰው ኮሌስትሮል በሽታው ሳይለወጥ፣ አመጋገቡ ሳይለወጥ ከሳምንት ሳምንት ይወዛወዛል፤ 185 የነበረው 175 ወይም 196 ቢሆን ዜና አይደለም። አውስትራሊያዊው ፖል ግላስዚዩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎችን የብዙ ዓመት ልኬት መርምረው፣ በየጥቂት ወሩ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው የልኬት መዋዠቅ እንጂ እውነተኛ ለውጥ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በየሦስት ወሩ የሚወጣውን የምርመራ ብር ለመድኃኒቱ ማዋል ይሻላል።

መድኃኒቱን ካነሣን፣ ለሁለተኛዋ እናታችን ጉዳዩ ከቁጥሩ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የወጣው ካርድስ የተባለ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆነ፣ ስኳር ያለባቸው ግን ኤልዲኤላቸው ብዙም ያልጨመረ 2,838 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱ። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሰሉ ከባድ አደጋዎች በ37 በመቶ ቀነሱ፤ ሙከራውም ከታቀደለት ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋ 40 ለሞላ ስኳር ላለባት ሴት ስታቲን የሚታዘዘው ኮሌስትሮሏ «ስለበዛ» ሳይሆን ስኳር ስላለባት ነው። «ኮሌስትሮሌ ደህና ከሆነ ለምን እውጣለሁ?» የምትል እናት መልሱን ማግኘት አለባት። ገና ልጅ ልትወልድ የምታስብ ወይም ያረገዘች ሴት ግን ኪኒኑን ለሐኪም ሳታሳውቅ መቀጠል የለባትም፤ በእርግዝና ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

አንድ ወገን እንዳይረሳ። በእኛ ክልል ገጠር ስኳር ያለበት ሁሉ ወፍራም የከተማ ሰው አይደለም። የጎንደሯ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ ቀጫጭን፣ ወጣት፣ በችግር ያደጉና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን የገጠር ታማሚዎች ገልጸዋል። እንዲህ ያለች ሴት ኢንሱሊን ሲያጥራት ትራይግሊሰራይዷ ይወጣል፤ ኢንሱሊኑ ሲስተካከል ይወርዳል። ስለዚህ ስኳሯ ጣሪያ ነክቶ ሆስፒታል በገባችበት ሳምንት የተለካውን ቁጥር ይዞ መደምደም ጥሩ አይደለም። ስኳሩ ሲረጋጋ ይለካ።

ደግሞም እንቅርት አለ። የጎጃም ደጋ አዮዲን የሚያንሰው አፈር ነው፤ እንቅርት በብዙ እናቶች አንገት ላይ የምናውቀው ነው። ብዙው እንቅርት የታይሮይድ ሆርሞንን አያሳንስም፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ሆርሞኑ ያንሳል፣ ያም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። ሆርሞኑ ሲያንስ ጉበት ኤልዲኤልን የሚጎትትባቸው እነዚያ መቀበያዎች ይቀንሳሉ፤ ኮሌስትሮልም ያለ ቅቤ፣ ያለ ዘይት ጥፋት ይወጣል። ስለዚህ ኤልዲኤሏ ሳይታሰብ 170 እና 180 የገባ፣ ብርድ የማትችል፣ ድካም የያዛት፣ ኪሎ የጨመረች ሴት ስታገኙ፣ ስታቲን ከመጀመሯ በፊት ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠይቁ። ያነሰው ሆርሞን በኪኒን ሲተካ ኤልዲኤሉ በወራት ውስጥ በራሱ ይወርዳል።